ምን ጠፍቶን ነው ተራራ የምንወጣው?

ማኅበራችን የዓመቱን ዕቅድ ለመወሰን በተሰበሰበ ጊዜ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ «የተራራ ጉዞ ይቅር፤ ለመኪናና ለስንቅ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ይዋል» የሚል ነበር። ነገሩ በዚያ ቀን ሳይቆረጥ ለሚመጣው ጉባኤ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ፣ በቤተ መጻሕፍቱም ደጃፍ ክርክሩ አልበረደም። እኛ ጉዞው አይቅር ከሚሉት ወገን ነን። ይሁን እንጂ በጩኸት ለመርታት ሳይሆን በምክንያት ለማስረዳት ስለምንሻ፣ የተከራካሪዎቻችንን ቃል ሳናጎድል አስቀድመን እናስቀምጥና አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ተከራካሪዎቻችን ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ «ተራራ መውጣት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ ገበሬው በግድ የሚወጣውን ዳገት እኛ ገንዘብ ከፍለን ለደስታ መውጣታችን በድካሙ ማፌዝ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ከተራራ ላይ የሚገኝ ትምህርት የለም፤ የሚታየው ሁሉ በካርታ ይታያል፤ ዛሬማ በእጅ ስልክ ከሰማይ ላይ ሆነን ማየት እንችላለን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «አደጋ አለው፤ ጊዜውም አይደለም» ይላል። ሦስቱም የዋዛ ነገሮች አይደሉም። በተለይ የመጀመሪያው የተናገረው ልብ ያለው ሰው ነውና በስድብ የሚመለስ አይደለም። እኛም አንድ በአንድ እንመለስባቸዋለን።

በመጀመሪያ ግን ከተራራ ጋር ያለንን የቆየ ዝምድና እንመልከት። አገራችን የአምባ አገር ናት። አባቶቻችን ግን አምባ የወጡት ለሽርሽር አልነበረም። ለጸሎት ወጥተዋል፤ በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም እስከ ዛሬ በገመድ እየተሳቡ የሚወጡበት ነው። ለእስራትም ወጥተዋል፤ የንጉሥ ዘር የሆኑ መሳፍንት በዙፋን እንዳይሻሙ አስቀድሞ በወሎ በግሸን አምባ፣ በኋላም በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ዛሬ ማናቸውንም እስር ቤት «ወህኒ» የምንለው ከዚያው አምባ ስም የተነሣ ነው ይባላል። ለጦርነትም ወጥተዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የመጨረሻ ሰዓታቸውን ያሳለፉት በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

ለማወቅ ብሎ ተራራ ወጥቶ ያየውን ጽፎ ያቆየው ግን ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ራስ ዳሸንን መውጣታቸውን በጽሑፍ ያስቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ተብለው የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1841 የመጡት የፈረንሳይ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ ናቸው። የስሜን እረኛ ከእነርሱ በፊት ጫፉን አልረገጠውም ብሎ የሚምል ማን ነው? እረኛው ግን አልጻፈም። የተራራው ቁመት እንኳ በቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር እየተባለ ሲነገር ኖሮ ዛሬ 4,550 ሜትር ገደማ መሆኑ ይታመናል። መጽሐፍም ቢሆን የሚታረመው ቦታው ድረስ ሄዶ በሚለካ ሰው ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለዚህ ነገር ሌላ ምሳሌ አላቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራስላስ» የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ ሲያወጣ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በወጣትነቱ ተርጉሞ ነበርና አገራችንን ያወቃት በወረቀት ነው። በእርሱም ድርሰት የልዑላኑ መቀመጫ በተራሮች የታጠረ ለምለም ሸለቆ ሆነ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት ትምህርቱን ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንደ ጨረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አገራችን መጥቶ ያንን የመሳፍንት እስር ቤት ፍለጋ ተጓዘ። ወህኒን ባየው ጊዜ ሸለቆ ሳይሆን ዙሪያውን በገደል የተከበበ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ሆኖ አገኘው። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1959 ታተመ። እንግዲህ አንዱ በወንበር ተቀምጦ ጻፈ፤ ሌላው በእግሩ ሄዶ ጻፈ። እኛ በዚያው አምባ ግርጌ የተወለድነውስ? አብዛኞቻችን በወንበርም ተቀምጠን አልጻፍንም፤ በእግራችንም ሄደን አላየንም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ ከምንኖርበት አገር ሳንወጣ አገሩን የማንናፍቅ ሰዎች ሆነናል ብንል ማጋነን ይሆን?

አሁን ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንምጣ። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወገራ ከተማ ናት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች። ከመካከላችን በመኪና ያላለፈባት የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የምናውቃት «ብርድ መጣ፤ መስኮቱን ዝጉት» በሚባልበት ቦታነቷ ብቻ ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩ ሰዎች ባረጋገጡልን በአንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ አራቱ ሴቶች የሆንን አሥራ አራት ተማሪዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት በሚኒባስ ተነሥተን ወደዚያ ሄድን። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶና ውሃ ነበር። ዕቅዳችንም ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ድንጋያማ ጫፍ ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ነው።

በከተማው ዳር አንድ ሽማግሌ አገኘንና ሰላምታ ተለዋወጥን። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ወደ ተራራው መሆኑን ስንነግራቸው፣ «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ? ከብት ነው?» አሉን። «የጠፋን ነገር የለም አባባ፤ እንዲያው ልንወጣው ነው» አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ሳይጠፋባችሁ ነው እንግዲህ የምትደክሙት» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ያም ሆኖ ብቻችንን ሊለቁን አልወደዱም፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው መንገድ እንዲመራን አዘዙልን። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ያለ እርሱ የምንወጣበትን በር እንኳ አናገኘውም ነበር።

መንገዱ መጀመሪያ በታጨደ የገብስ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ቀጥሎ የግጦሽ ዳገት ይመጣል፤ ከዚያም ሣሩ ያልቅና ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። ይህ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቶ የፈሰሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ የረጋ ነው። ስለዚህም ተራራው ደረጃ ደረጃ አለው፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመሻገር ግን እግር ብቻ አይበቃም። እጅም ይሠራል። ልጁ ባዶ እጁን፣ በላስቲክ ጫማ፣ እንደ ቤቱ ደጃፍ ይወጣዋል፤ እኛ ግን ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋይ እንደ ያዙ አንዱን ብቻ እያነሣን ወጣን። ከላይ ያለው ድንጋይ ሲንሸራተትበት «ድንጋይ!» ብሎ እንዲጮኽ፣ ከታች ያለውም በቀጥታ ከሥሩ እንዳይቆም ተስማማን።

በዳገቱ መካከል በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ኳስ ተጫዋቾቹ ቀድመው ጫፍ ለመድረስ ይቸኩላሉ፤ ከቆላ የመጡት ደግሞ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳልና ማጠሩ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ጊዜ ልጁ ጣልቃ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ከብት ሲነዳ የደከመችው ትቅደም፤ ኋላ ከሆነች ትቀራለች» አለ። ክርክሩ በዚህ አለቀ። የደከመችው እህታችን ከልጁ ቀጥላ ፊት ሆነች፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ኋላ ሆኑ፤ አሥራ አራታችንም በእርሷ እርምጃ ወጣን። እንዲያ እያዘገምን ሳለን አንዲት እናት ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ከምንጭ ሲመለሱ በጎናችን ደረሱብን። «አይዟችሁ ልጆች» ብለውን አለፉ። ባዶ እጃችንን ለነበርነው ለእኛ ነው ያዘኑልን! በተቃውሞ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነገር፣ ማለት የገበሬው ድካምና የእኛ ጨዋታ ነገር፣ በዚያች ደቂቃ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ገባን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ከቀኑ 6 ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩቅ የስሜን ተራሮች በጭጋግ ተሸፍነው ይታያሉ። ከሥራችን ያለው አገር ግን ይበልጥ ዓይናችንን ያዘው፤ የቆርቆሮና የሣር ክዳኖች፣ የባሕር ዛፍ አጥሮች፣ ሜዳውን እንደ ቢላዋ የቆረጡት ገደሎች። ልጁ ትምህርት ቤቱን በጣቱ አሳየን። ከገደሉ ማዶ ወዳሉት ጎጆዎችም አመለከተና፣ «ከእኔ ጋር የሚማሩ ልጆች እዚያ አሉ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ አይመጡም። በጋም ቢሆን ሲመጡ ይረፍድባቸዋል» አለን። ከእኛ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ከፈተ። በካርታው ላይ ከጎጆዎቹ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ርቀት ምንም አይደለም፤ ጣት የማይሞላ ነው። ልጁ ካርታውን አየና ሳቀ። «ይኸ ገደሉን አያውቀውም» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለተኛውን ተቃውሞ የምንመልሰው በዚህ ልጅ ቃል ነው። ካርታው ገደሉን አያውቀውም። የማያውቀውም ከቶ ስላልተሳለበት አይደለም፤ ካርታን የሚያነብ ሰው ኪሎ ሜትርን ይቆጥራል እንጂ ጉልበትን አይቆጥርምና ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ለመንገደኞች አንድ ቀላል ሒሳብ አውጥቷል፤ በግርድፉ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይታሰባል፤ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ሒሳብ በደንቢያ ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ያንኑ 5 ኪሎ ሜትር 600 ሜትር ዳገት ያለበት ሰው ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በወረቀት ላይ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው፤ በእግር ላይ ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ይህም የጤነኛና ሸክም የሌለበት ጎልማሳ ሒሳብ መሆኑን አትርሱ። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት የሆነ ሕፃን፣ ጀሪካን ያዘለች እናት፣ ምጥ ይዟት በቃሬዛ የምትወርድ ሴት በስንት ሰዓት ይደርሳሉ? ይህን የሚነግረን ካርታ የለም። የሚነግረን ዳገቱና ዳገቱ ላይ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ ለእኛ የማይመለከት መስሎ የሚታየው ካለ ጥቂት ዓመት ወደ ፊት ያስብ። ከመካከላችን መምህር፣ የወረዳ ሠራተኛ፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚሆን አለ። አንድ ቀን በአንዱ ቢሮ ውስጥ፣ «ትምህርት ቤቱ ለሁለቱ ቀበሌዎች ይበቃል፤ ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» የሚል ወረቀት ለፊርማ ይቀርብልን ይሆናል። ዳገት ወጥቶ የማያውቅ እጅ ያለ ምንም ጥርጥር ይፈርማል። ክፋት ስላለበት አይደለም፤ 5 ኪሎ ሜትር ሲባል የሚታየው ከመኝታ ቤት እስከ ፒያሳ ያለው አስፋልት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ፊርማ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ክፉ ሰው ከሚያደርሰው አያንስም።

ሽማግሌው «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ባሉን ጊዜ ምንም አልጠፋንም ብለን መልሰን ነበር። አሁን ሲታሰብ የጠፋን ነገር አለ። ከገጠር የመጣን ልጆች ብዙዎች ነን፤ በልጅነታችን ይህን ርቀት በእግራችን እናውቀው ነበር። ከከተማ የመጡትም አያቶቻቸው ያውቁት ነበር። ትምህርት ቤት ገብተን፣ አውቶቡስ ለምደን፣ ዩኒቨርሲቲ ስንደርስ ግን የእግራችንን መለኪያ ጥለነዋል። ተምረን የረሳነው ነገር ይህ ነው። የጠፋው ከብት ከሆነ ባለቤቱ ተራራ ወጥቶ ይፈልገዋል፤ የጠፋው መለኪያ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱ ተቀምጦ ሊያገኘው አይችልም።

ይህ አሳብ ከእኛ የጀመረ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር፤ ተማሪዎቹም በቡድን እየሆኑ ወደ ሕዝቡ ወጥተው እንዲሠሩ መላክ የትምህርቱ ክፍል ሆነ። በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በአዲስ አበባው ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ፕሮግራም በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ያ ፕሮግራም ዛሬ የለም። የጤና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ግን አሁንም ወደ ሕዝቡ የሚወጡበት ሥርዓት አላቸው። እኛ የቋንቋ፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ምን አለን? ስለ ገበሬው ኑሮ የሚናገር ልብ ወለድ እናነባለን፤ ስለ መሬት ሥሪት ፈተና እንፈተናለን፤ ከዚያም ተመርቀን እንሄዳለን። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በእግር መሄድ ይህን ጉድለት ሁሉ ይሞላል አንልም። ከምንም ግን ይሻላል፤ ደግሞም በማኅበራችን አቅም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ እንመለስ። የተራራ ጉዞ ፌዝ ሊሆን እንደሚችል እንቀበላለን። የሚሆነውም እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በእንጦጦም በወንጪም፣ ቅዳሜና እሑድ በእግር ለመጓዝ የሚወጣው ወጣት ብዙ ነው፤ ይህም ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ በመኪና እየዘፈኑ ደርሶ፣ ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የውሃ ላስቲኩን እዚያው ጥሎ፣ ከአገሩ ሰው ጋር «እንደምን ዋላችሁ» እንኳ ሳይባባሉ መመለስ፣ እርሱ በእውነት ፌዝ ነው። በሸክም የጎበጠችን ሴት ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ከፌዝም ያልፋል። እንዲህ ያለው ጉዞ ከሆነ ማኅበራችን አንድ ብር እንኳ ማውጣት የለበትም፤ በዚህ ከተከራካሪዎቻችን ጋር አንድ ነን። ነገር ግን አንድ ነገር በክፉ ሊሠራ ስለሚችል በደኅናም እንዳይሠራ መከልከል የት አገር ያለ ፍርድ ነው? የገበሬው ድካም የሚከበረው ከሩቅ ሆነን «አይ ድካም!» በማለታችን አይመስለንም። ቢያንስ አንድ ቀን በእርሱ መንገድ፣ በእርሱ መሪነት፣ የእርሱን ልጅ ጋሬጣና ድንጋይ ረግጠን ካየነው በኋላ የምንናገረው ቃል ክብደት ይኖረዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። በክልላችን በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስወጣው ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወደ ቤተ ሰብ ለመሄድ የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው የደረሰብን። ስለዚህ እኛ በግልጽ እንናገራለን፤ ማንኛውም ተራራ የአንድ ተማሪ ሕይወት አያወጣም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አይኬድም፤ ጥርጣሬ ካለም አይኬድም። እንዲህ ሲሆን በከተማችን ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች፣ እነርሱም የማያስተማምኑ ከሆነ የግቢያችን ዳገት ይበቃናል። ይሁን እንጂ፣ «ዛሬ አንሂድ» ማለትና «ጉዞ የሚባል ነገር ከማኅበሩ ዕቅድ ይሰረዝ» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰላም ሲመጣ የሚነሣ ልማድ ሰላም በሌለበት ጊዜ ስሙ እንኳ ከተፋቀ ማን ያስታውሰዋል? አሁን እየገቡ ያሉት ተማሪዎች አገራቸውን በፍርሃት ብቻ ካወቋት ነገ የሚናፍቋት በምን ይሆን?

ከድንጋዩ የሚመጣው አደጋ ግን በጥንቃቄ የሚቀነስ ነው። ለዚህም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጉዞ በሚኖርበት ጊዜ መሪው የአገሩ ሰው ይሁን፤ የድካሙም ዋጋ አስቀድሞ ተነጋግሮ በሙሉ ይከፈለው። መሪው ልጅ ከሆነ ወላጆቹ ይፍቀዱ፤ ገንዘቡም በእነርሱ ፊት ይሰጥ፤ እኛም በአያቱ ፊት ነው የሰጠነው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተጓዥ ሁሉ መሪና ጠባቂ፣ ሲያስፈልግም በቅሎ ጫኝ ይዞ የመሄድ ሥርዓት ለደባርቅ ሰዎች መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። የውጭው መንገደኛ የሚከፍለውን እኛ የአገር ልጆች ነን ብለን በነጻ ልንወስደው አይገባም።

ሁለተኛ፣ የደከመ ፊት ይሁን። ቡድኑ ሲነሣ የተቆጠረውን ያህል ጫፍ ላይም፣ ሲመለስም ይቆጠር። ቀድሞ ለመድረስ የሚሽቀዳደም የአትሌቲክስ ውድድር ይግባ፤ ተራራው የሚያስተምረን ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚኬደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። ዝናብ የነካው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ መብረቅም በጫፍ ላይ የቆመን ሰው አይምርም። መውረድ ከመውጣት እንደሚከብድም አይዘንጋ፤ ጉልበት የሚከዳውና እግር የሚስተው ሲወረድ ነውና ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ መቆየት አይፈቀድ። ውሃ፣ ጋቢና የቁስል ማሠሪያ ሳይዝ የመጣ ሰው ከመኪናው አይውረድ።

አራተኛ፣ ሴቶች ተማሪዎች በአዘጋጁ ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ። «ሴቶች አይችሉም» የሚል ካለ በዚያ ዳገት ጀሪካን አዝለው ያለፉንን እናት ሄዶ ይጠይቅ።

አምስተኛ፣ ተጓዦቹ ሲመለሱ ያዩትንና የሰሙትን ይጻፉ፤ መጽሔታችንም ቦታ ይስጠው። የምንጩ፣ የገደሉ፣ የመንደሩ ስም በአገሩ ሰው አጠራር ይመዝገብ። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በስንት ሰዓት እንደሚደረስ፣ ክረምት የትኛው ወንዝ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ልጆች ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ከነዋሪው ተጠይቆ ይጻፍ። በየዓመቱ ጥቂት ገጽ ቢሆን እንኳ በዐሥር ዓመት መጽሐፍ ይወጣዋል። ያን ጊዜ ስለ ተራሮቻችን ለማወቅ የፈለገ ሰው የፈረንሳይ መኮንንና የእንግሊዝ ደራሲ ብቻ አይጠቅስም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። የሚኒባስ ኪራይ፣ የመሪው ዋጋ፣ ዳቦና ቆሎ ነው። ማኅበሩ ግማሹን ቢችል ተጓዡ ግማሹን ያዋጣል፤ ማዋጣት የማይችለውንም ጓደኞቹ ይሸፍኑለታል። ያ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ይዋል የሚሉት ወንድሞቻችን ጉዳዩን በስሙ ጠርተው ለጉባኤው ያቅርቡልን፤ ከዚህ የሚበልጥ ሆኖ ካገኘነው ያለ ቂም እንለቃለን።

ሽማግሌው አሁንም በመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ ሳይጠይቁ አይቀሩም። ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ እጁን የሚያነሣ ሁሉ ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ፤ ከተወለድኩበት ቤት እስከ ተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው እስከ ወንዙ ያለውን መንገድ ዛሬ በሰዓት ልንገር ብል እችላለሁን? መልሱን የሚያውቅ ለሌሎቹ መሪ ይሁን። የማያውቅም ጫማውን ያጥብቅ።